የአባታችን ጀርባ የሚያህል አለት

…እና ደሞ እጄን ብታየው የሰው እጅ ነው አትልም። ትናንት ለጫልቱ ነጠላዋን ላቀብላት ብዬ ብይዘው ክሩ መዳፌን ይዞ ቀረ። እሷ በዚያ ትስባለች፣ እኔ በዚህ ላላቅቅ እታገላለሁ፣ ነጠላው መሀል ላይ ተወጥሯል። እህትህ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስናለሰልስ የምንውል ሰዎች ነን፤ ሻካራው ከድንጋዩ ሲወጣ የት የሚሄድ ይመስልሃል? እኛ እጅ ላይ ነው የሚሰፍረው። ጥርቡ አዲስ አበባ ሄዶ የመሥሪያ ቤት ግንብ ይሆናል፣ ሰው ተደግፎት ፎቶ ይነሳል። ጠራቢው እዚህ አምቦ የሰው ነጠላ እየቧጨረ ይኖራል።

ምን? አይ፣ አትጩህ ገመቹ፣ እሰማሃለሁ። ቶሌራ ነኝ፣ ሌላ ወንድም አለህ እንዴ? ከድንጋይ ካባው ቢሮ ነው የምደውልልህ። እንዴት ገባህ አትበለኝ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አለቃችን ካቦ ንጋቱ የቀበሌ ስብሰባ ሄዷል፤ እሁድ አይደል? ስብሰባ ደግሞ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ የሚያውቅ የለም። እሱ እስኪመለስ እናወራለን። የእናንተ ካምፕ ዘበኛ ከግሬደሩ ሥር ፈልጎ እስኪያወጣህ ድረስ ቀፎው ጆሮዬ ላይ ሞቀ። አዲስ ዓለም ሄደህ መንገድ ታስተካክላለህ፣ እሺ፣ ግን እሁድም ግሪስ?

አጭሩን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ስልክ ነውና ድንገት ይቆረጣል። የጊንጪ ሰዎች የሚመጣው እሁድ ይመጣሉ፣ ጫልቱን ለልጃቸው ሊጠይቁ። ባለፈውም መጥተው ነበር። አባባ አስገባቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ጠላ አስቀዳላቸው፣ ስለ ስንዴው ስለ ከብቱ ጠየቃቸው፣ ከዚያ «ሌላ ቀን ኑ» ብሎ ሸኛቸው። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። እኛ ቤት ሴት ልጅ የሚሰጥ አባት አንጋፋ ልጁን በቀኙ አቁሞ ነው «ሰጥቻለሁ» የሚለው። እኔ ልቁምልህ ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ መቼ አንጋፋ ሆንክ?» አለኝ። እንግዲያው እሱን ጥራዋ ስለው ጀርባውን ሰጠኝ። አንተን አይጠራ፣ ያለ አንተ አይሰጥ። ሽማግሌ አንዴ ሲመልሱት ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለተኛ ከመለሱት ግን እንቢ ማለት ነው፣ ፈረሱን አዙሮ ሌላ በር ያንኳኳል። ጫልቱ ልጁን ትወደዋለች። አፏን ሞልታ አትናገረውም እንጂ የጊንጪ አውቶቡስ ሲያልፍ የምታየውን አስተያየት አይቻለሁ። ያ የተወጠረው ነጠላ ማን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ቆይ፣ አትዝጋ። ስለ አባባ ልለምንህ አይደለም የደወልኩት። ስለ ድንጋይ ነው። ድንጋይ አልጠላህም መቼም፣ የጠላኸው አንዱን ነው።

ሰው ሁሉ ለስላሳ ነገር ይወዳል፣ አይደል? መንገዱ ለስላሳ ይሁን ይላል፣ አንተም በዚያ ትበላለህ። ፊቱ ለስላሳ የሆነ ፎቶው ይሰቀላል። አንደበቱ ለስላሳ የሆነ ስብሰባ ላይ ይጨበጨብለታል፣ የተናገረውን ግን ከበሩ ሳንወጣ ረስተነዋል። ሻካራ ሰው የመጣ እንደሆነ ደግሞ ወንበር እያነሳን ራቅ እንላለን። እኔም እንደ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የማስበው፣ እስከዚህ ሐሙስ ድረስ።

ከካባው ጀርባ ያለውን ትልቁን ግድግዳ ታስታውሰዋለህ። ለጥርብ አይሆንም ብለን የተውነው፣ ከላይ እስከ ታች በማረሻ የታረሰ ይመስል ፈር ፈር ያለው፣ እዚህም እዚያም ጉጥ ያለበት አለት። ሰኞ ዕለት ይሄ ስልክ ጮኸ። ካቦ ንጋቱን ታውቀዋለህ፣ ከአዲስ አበባ የተደወለ እንደሆነ ብድግ ብሎ ቆቡን አውልቆ ነው የሚያናግረው። «እሺ ጓድ፣ እሺ ጓድ» ሲል ቆየና ዘግቶ ወጣ። ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ ሐሙስ ይመጣል፣ ያንን አለት ሊያይ ነው አለን። ይኸው ነው። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

እንግዳ ሊያይ ይመጣል ሲባል ምን እንደሚደረግ መቼም ለአንተ አልነግርህም። የሚታየው ነገር ይጠረጋል፣ ይቀባል፣ ይስተካከላል። አምና ትልልቅ ሰዎች በዚህ ያልፋሉ ተብሎ ከጉደር እስከ አምቦ መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ በሙሉ ኖራ ተቀባ። የዛፉ ግንድ ተቀባ። የቀበሌው አጥር ተቀባ። አንድ የተኛ አህያ ሳይቀባ የተረፈው ቀድሞ ስለነቃ ነው። ሰዎቹ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ድንጋዩ ግን ነጭ ለብሶ እስከ ክረምት ጠበቃቸው። እና ካቦው አሰበ። ኖራ እንዳይቀባው አለት ነው፣ ዝናብ ያወርደዋል። ደግሞ እኛ ቀቢዎች አይደለንም፣ ጠራቢዎች ነን፣ ሙያችንን ነው ማሳየት ያለብን። «ጓዶች፣ ያ ፊት እንግዳ ፊት የሚቀርብ ነው?» አለ። ማንም ይቀርባል አላለውም። ይቀርባል ብሎ ማን ቤቱ ይገባል?

ማክሰኞና ረቡዕ በገመድ ተንጠልጥለን ስንጠርብ ዋልን። ጉጡን በመሮ፣ ፈሩን በመዶሻ። ዐቧራው አፍንጫችን ውስጥ ሲሚንቶ ሆነ። አንዳንዱ ጉጥ ትልቁን መዶሻ፣ ማርቴሎውን ይመልሳል እኮ፣ ዘለህ ብትመታው ክንድህን ነው የሚያነዝርህ። «ማነው ይሄን እዚህ የለጠፈው?» እያልን ተሳደብንበት። ማን እንደለጠፈው ኋላ ነው የሰማነው።

አባባ? አባባማ ዘበኛ ሆኗል። አልነገርኩህም እንዴ? ማርቴሎ አይችልም፣ ትከሻው አልታዘዘውም። ካፖርት ሰጥተውታል፣ የቢሮውን ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ እዚያ አለት ላይ ስታርፍ እግሩ ሥር ይቀመጥና ጀርባውን ይደገፋል። እና ረቡዕ ወደ ማታ ላይ አለቱ በሙሉ ተስተካክሎ አልቆ የቀረው እሱ የተደገፈበት ብቻ ሆነ።

«ኦቦ በዳዳ፣ ይነሱ እንጂ፣ እርስዎ ያሉበት ቀርቷል» አለው ካቦው።

«እንግዳው የሚመጣው ጀርባዬን ሊያይ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እንግዲያው ጀርባዬ ካለበት ምን አለህ?»

«ለሥራው እኮ ነው ኦቦ በዳዳ።»

«ዲሲ፣ ተወኝ። ካባውን በሙሉ አለስልሳችሁት የሚያከኝ ቦታ ይቺ ብቻ ናት የቀረችው» አለና ካፖርቱን ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሰ ጀርባውን አከከበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ካቦው ቆሞ ጠበቀ። የሚነሳ መስሎታል፣ አባባን አያውቀውማ። መጨረሻ ላይ በዙሪያው ጠረብን። ፍንካቹ ቆቡ ላይ እየወረደ ነው፣ እሱ ያራግፍና መልሶ ይደገፋል። ያንን ሰውዬ ከዚያ ድንጋይ ማላቀቅ ከእኛ አቅም በላይ ነው። አንተን ብጠይቅህ ግን ከየትኛውም ነገር ማላቀቅ አይቻልም ትለኛለህ።

ሐሙስ ላንድሮቨሯ መጣች። እኛ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ስንጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት ወረደች፣ ወይዘሪት ሰብለ ትባላለች፣ ሱሪ የታጠቀች፣ ትከሻዋ ላይ የሸራ ቦርሳ ያንጠለጠለች። ሰላምታውን እንኳ በደንብ ሳትጨርስ ወደ አለቱ ገሰገሰች። ባለፈው በጋ አይታው ኖሯል፤ ይሄን አለት ለመለካት መኪና ስትለምን ነው የከረመችው። ካቦው ከኋላ እየሮጠ ምልክት ሰጠን። እሷ ጥጉን ስትታጠፍ አጨበጨብን።

ቆመች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«አስተካከልነው።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ነዋ» አለ ካቦው፣ ደረቱን ነፍቶ።

እሷም ከቦርሳዋ አጠገብ ተቀመጠች። ብትጮህ ይሻለን ነበር። የመጣሁት ሻካራነቱን ልለካ ነበር አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና። ጠራቢ ሁሉ መሮውን ከኋላው ደበቀ። ካቦ ንጋቱ ግን፣ ምን ልበልህ፣ የእሱን ነገር መጥላት አይቻልም፣ ትንሽ አሰበና፣

«ምንም ችግር የለም ወይዘሪት፣ መሮው እዚሁ ነው። እስከ ነገ ማታ መልሰን እናሻክረዋለን» አላት።

ሳቀች። በጣም ሳቀች፣ እንባዋን እስክትጠርግ። የሳቅ ይሁን የሌላ እኔ አልለየሁትም።

አባባ ይሄ ሁሉ ሲሆን እንደተደገፈ ነው። እንግዳ ፊቱ ስትደርስ ግን መነሳት ደንብ ነውና መሬቱን ተመርኩዞ ብድግ አለ፣ «አካም ቡልቴ» ብሎ እጁን ዘረጋላት። እሷ እጁን ይዛ ወደ ኋላው ነው የምታየው። እጁን አልለቀቀችም፣ ግን ቀስ ብላ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ከኋላው የአባታችንን ጀርባ የምታህል ሻካራ አለት አለች። ፈሯ እንደ ፈሯ፣ ጉጧ እንደ ጉጧ። ካቦው ያንን ሲያይ ቶሎ ብሎ «እሷን ሆን ብለን ነው የተውናት» አለ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ በወረንጦ ከአለቱ ጥርስ መሀል የአባባን ካፖርት ክር ለቀመች። ብዙ ነው የወጣው፣ አንድ ሹራብ ባይሆን ካልሲ ይሆናል። ቀጥላ ማበጠሪያ የመሰለ ብረት አወጣች፤ ጥርሶቹ ቀጫጭን ሽቦ ናቸው፣ አለቱ ላይ ስትጫነው ጉጥ ያገኘው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጎድጓዳ ያገኘው ወደ ፊት ይቀራል። ስታነሳው የአለቱን መልክ ይዞ ይመጣል፣ እሱን ወረቀት ላይ ትስለዋለች። ወደ ታች ለካች፣ ወደ ጎን ለካች፣ እንደገና ወደ ታች። እኔ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው እይዛለሁ፤ በዚህ እጄ ይዤው ወረቀቱ የትም አይሄድም።

«ወደ ታች ስትሄድ ይለሰልሳል፣ ወደ ጎን ይሻክራል» አለችን።

«ኤዬ፣ አዎ» አለ አባባ። «ወደ ታች ብትታከኪ አያክም ልጄ። ወደ ጎን ነው።»

እንደገና ሳቀች፤ ይሄኛው የእውነት ሳቅ እንደሆነ ለይቼዋለሁ።

በምሳ ሰዓት ጥላው ሥር አብራን በላች፤ ምን እንደምትሠራ ካቦው ስለጠየቃት ነገረችን። ያ ግድግዳ፣ ገመቹ፣ ግድግዳ አይደለም። ምድር ናት የተሰነጠቀችው። በዚህ በኩል ያለው አገር ወደ ታች ወረደ፣ በዚያ በኩል ያለው ቀረ፣ እኛ የምናየው የተፋተጉበትን ፊት ነው። ፈሩን ያረሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ነው። ፍልውሃችን፣ ያ የሚንተከተከው ውሃችን ሁሉ እንዲህ ባለው ስንጥቅ ነው አሉ ወደ ላይ የሚመጣው። አምቦ ከተማ በስንጥቅ ነው የምትተዳደረው ማለት ነው። ሰባተኛ ክፍልን ባልተው ኖሮ ይሄን ስምንተኛ ክፍል ላይ ይነግሩኝ ይሆናል፤ ወይም የወንዞችን ስም አስሸምድደው ይለቁኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ጥርብ ድንጋይ አስመጣችና አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጣ «ግፋው» አለችኝ። ገፋሁት፣ ሄደ። ቀጥላ ሁለት ሻካራ ድንጋይ አነባበረችና «አሁን ይሄን ግፋ፣ ቀስ ብለህ» አለች። ገፋሁ። እምቢ። ጨመርኩ። እምቢ። ጉጡ ከጉጡ ተያይዟል፣ እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ ነውና ትከሻዬን አስገባሁበት። ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ድንገት ድንጋዩም ሄደ፣ እኔም አብሬው በግንባሬ ሄድኩ። ሠራተኛው በሙሉ በሳቅ ወደቀ።

«ይኸው ነው የመሬት መንቀጥቀጥ» አለች። ግንባሬን እያሸሁ ሰማኋት።

«እንግዲያው ጥፋተኛው ሻካራው ነው ማለት ነው» አለ ካቦው። ደስ ብሎታል። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋተኛ ሲያስጠርብ እንደዋለ ነው የተሰማው።

«አይ» አለችው። «ሻካራው መያዝ ነው የያዘው፣ አልገፋም። የሚገፋው ከኋላ ያለው ተራራ ነው። ጉጡ ብዙ ዘመን ይዞ ይቆያል፣ ግፊቱ ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ጉጡ ይሰበራል። ሁሉም ነገር ለስላሳ ቢሆን ደግሞ መልካም እንዳይመስላችሁ። ለስላሳው አንዴ መሄድ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ሩቅ ይሮጣል። አንዳንዴ የሚቆመው ሌላ ሻካራ ቦታ ሲያገኝ ነው። መያዣውም ሻካራው ነው፣ ማቆሚያውም ሻካራው ነው። መቼ የቱን እንደሚሆን ገና በደንብ አላወቅነውም። ለዚያ ነው የምለካው።»

እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር። ቆምኩ። ሻካራው አልገፋም ስትል ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ። አንተ የጠረብከው ያ የበር ድንጋይ ነው የታየኝ። አንዱ ማዕዘኑ ዘመመ ብሎ ሰው ሁሉ እያየ አባባ በማርቴሎ የሰበረው። አንተ መሮህን መሬት ላይ አስቀመጥክ፣ መንገድ ወጣህ፣ የመጣው የጭነት መኪና ላይ ዘልለህ ወጣህ። አንተን ብጠይቅህ ድንጋዬን ሰበረ ነው የምትለው። እሱ ልጄ ሳይሰናበተኝ ሄደ ነው የሚለው። ሁለት ክረምት እንደዚያው ተያይዛችኋል። የድንጋዩ ዋጋ ስንት ነበር? የዚያን ቀን ማታ እኮ ጠጠር አድርገን ሸጥነው። ከኋላ ምን ሲገፋችሁ እንደነበር እኔ አላውቅም፤ አንተ ታውቀው ይሆናል፣ ወይ እሱ።

እኔ ደሞ ለስላሳው ነኝ። ሳቅ፣ ሳቅ፣ እውነቴን ነው። እኔ ላይ የሚይዝ ነገር የለም። አባባ የተናገረኝ በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል፣ ለአንተም እንደዚያው። ለእሱ ገመቹ ደህና ነው እለዋለሁ፣ ለአንተ አባባ ደህና ነው እልሃለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ መሀላችሁ ስንሸራተት ኖሬ ድምፅ አላሰማሁም። ሰው ሁሉ ቶሌራ እንዴት ያለ መልካም ልጅ ነው ይላል። ደክሞኛል ገመቹ። ለስላሳ ነገር ምንም አይናገርም፣ የዚያችን ሴትዮ ማበጠሪያ ብትጫንበት ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚሰጥህ። ከቴሌ የምደውልልህን ስልክ ተቀብለህ ስትዘጋ አንድ ቀን ቅር ብሎህ ያውቃል? ይኸው።

ቆይ፣ ልጨርስልህ። ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ አባባ አልተነሳም። እሷ ዕቃዋን ስትሸክፍ፣

«ልጄ» አላት፣ «የያዘ ነገር ሳይሰበር የሚለቅበት መንገድ የለውም?»

«አለው አባቴ። ጥቂት ጥቂት እያለ የሚለቅ አለ። ሰው እንኳ አይሰማውም፣ ማሽን ብቻ ነው የሚሰማው።»

«እሱን ምን ትሉታላችሁ?»

«እሱም መንቀጥቀጥ ነው። ትንሽ ነው እንጂ።»

«ትንሽ» አለ አባባ። አለቱን ዞር ብሎ አየው። እሷ ስትሄድ መኪናዋ ድረስ ቦርሳዋን ተሸክሞ ሸኛት፣ በግራ እጁ።

ስለ ድንጋይ ነው ያወሩት። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ትናንት ከሥራ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ «ያ የቢሮው ስልክ አዲስ ዓለም ይደርሳል?» አለኝ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ለስላሳ አይደለሁ፣ «ይደርስ ይሆናል» አልኩት። ወደ እኔ ሳይዞር «ይሆናል ምን ይሠራል?» አለኝና ቀድሞኝ ሄደ።

እንዴት ገባህ አላልከኝም ነበር? ቁልፉን ነገርኩህ፣ አንገቱ ላይ ነው። በረዶ ሲወርድብን እንኳ «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ ደጅ ያቆመን ሰው ነው፣ የገዛ ልጁን። ዛሬ ከቀትር በኋላ ካቦው ዳገቱን እንደወረደ መጣ። ገመዱን ከአንገቱ አወጣ፣ ቁልፉን ከተተ፣ በሩን ገፋ አደረገው። ዞሮ ደጅ ተቀመጠ። እኔ ባልነግርህ ይሄን የሚሰማ ማሽን አዲስ ዓለም ያለ ይመስልሃል?

ገመቹ? አለህ?

ሽማግሌ ላክ አልልህም። ለይቅርታ እርጥብ ሣር ይዘህ ና አልልህም። እሱም ና አላለህም፣ እንዳልዋሽህ። እኔ የምልህ እሁድ ጠዋት ከእናንተ ዘንድ ወደዚህ የሚመጣ መኪና አይጠፋም። ትወርዳለህ፣ በቀኙ ትቆማለህ። ካልፈለጋችሁ አትነጋገሩ፤ የጊንጪ ሰዎች እናንተ ስትነጋገሩ ሊሰሙ አይደለም የሚመጡት። እሱ «ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ጫልቱ ትሄዳለች። የቀረውን ሌላ ቀን፣ ጥቂት ጥቂት።

ምን አልክ? መስመሩ ይንጫጫል፣ ድገመው።

የቱ ትከሻው?

ቀኙ ነው። አዎ። ያንን ድንጋይ የሰበረበት።

…

እየሰማሁህ ነው። አይዞህ። የቢሮው ግድግዳ ልስን ነው፣ ውጪ ተደግፎት ጀርባውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ምስኪን፣ አላከከውም።

ሳለ። ሰማኸው? አባባ ነው። እንደገና ሳለ። ካቦው ዳገቱን እየወጣ ነው ማለት ነው፤ የዛሬው ስብሰባ ምነው አጠረ። ልዝጋ፣ በሩን መቆለፍ አለበት። ስወጣ ምንም አይጠይቀኝም፣ እኔ ግን እነግረዋለሁ።

ይደርሳል እለዋለሁ።